የአባቴን ምንሽር ስናስረክብ

መርሳ ላይ የጦር መሣሪያ የሚመዘግበው ሰውዬ ከሁሉ በፊት ያመሰገነው የእጅ ጽሑፌን ነው። ማመልከቻዬን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ፣ «ተማሪ መሆን አለብህ፤ እንዲህ የሚነበብ ነገር ካየሁ ቆየሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ወልድያ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል ስለሰረዝኩ ሦስተኛውን እንደገና ከመጀመሪያው ነው የጻፍኩት። «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ፣ ከሟች አባቴ የቀረ አንድ ምንሽር ጠመንጃ ወደ ስሜ እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ ብዬ በማስመሪያ አስምሬበታለሁ።

ማስረጃዎቹን በላስቲክ ፋይል በቅደም ተከተል ደርድሬ ነበር። የአባቴ የጦር መሣሪያ ፈቃድ፣ ከቀበሌ የተጻፈ የሞቱ ማስረጃ፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠኝ የወራሽነት ወረቀት፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። መዝጋቢው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አንድ በአንድ እያገላበጠ «ጥሩ፣ ጥሩ» ይል ነበር። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኖሪያ ፈቃዴ ነው።»

«የምን መኖሪያ ፈቃድ? የእሱ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አባቴን ያውቀው ነበር።

«ነኝ።»

«እዚህ ላይ ሱዳናዊ ይላል።»

«አዎ፣ እሱንም ነኝ።»

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እዚያ ሌላ መልስ ያለ ይመስል። «ይሄን አምጣ ያለህ ማን ነው?»

«ማንም። መታወቂያ ያስፈልጋል ስለተባለ ነው። ያለኝ መታወቂያ እሱ ብቻ ነው።»

የተወለድኩት ካርቱም ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከሀብሩ ተነሥቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ እናቴን አግኝቶ እዚያው አገባት። ፓስፖርቴ የእናቴ አገር ነው። አማርኛ መናገር ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ማንበብና መጻፉን ደግሞ የሐበሾች የኮሚኒቲ ትምህርት ቤት። አባቴ ኋላ ላይ መሬቱን ሊያርስ ብቻውን ተመለሰ። እኛም እንከተለዋለን ስንል ዓመታት አለፉ። ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ እናቴ ከእህቶቿ ጋር ወደ ካይሮ ሄደች፤ እኔ አባቴ ወዳለበት መጣሁ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አብረን ኖርን። የዜግነቴን ነገር ሳነሣበት፣ «እህሉ ይግባና አዲስ አበባ ሄደን እንጨርሰዋለን» ይለኝ ነበር። እህሉ ገባ፤ እሱ ታመመ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከሞተ በኋላ ነው፤ የተመዘገብኩትም በውጭ ዜጋ መዝገብ።

ይህን ሁሉ ለመዝጋቢው ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወረቀቶቹን በሁለት ከፈላቸው፤ በአንድ በኩል የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን፣ በሌላ በኩል የመኖሪያ ፈቃዱን።

«ይሄኛው ልጁ ነው ይላል። ያኛው የውጭ ዜጋ ነው ይላል። ለእኔ የሚቆጠረው ያኛው ነው» አለኝ። «ለውጭ ዜጋ ጠመንጃ በስሙ አላዛውርም፤ አልችልም። በአባትህ በኩል ዜግነቱን መጠየቅ ትችላለህ፤ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። የአባትህ ፈቃድ ደግሞ በሱ ሞት አብቅቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ፈቃድ ሊወጣለት ለሚችል ዘመድ ይዛወር፣ ወይ ለመንግሥት ገቢ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ሕገ ወጥ መሣሪያ ነው፤ የሚጠየቀውም ቤቱ የተገኘበት ሰው ነው።»

የተገኘበት ሰው አጎቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ምንሽሩ ያለው እሱ ቤት ነው።

«እስከዚያ ድረስ እኔ ብጠብቀውስ?»

«ልጄ፣ አንተ መንካትም የለብህም» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም። ፋይሌን ዘግቶ ሲመልስልኝ ጥጉን አስተካክሎ ነው።

ስለ ምንሽሩ ትንሽ መናገር አለብኝ። ተተኩሶበት አላየሁም። አባቴ ከጁምዓ ሰላት መልስ ሰሌን ላይ አጋድሞ በጨርቅ ይወለውለውና ዘይት ይቀባው ነበር፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ብዙ አናወራም። አያቴ ለአባቴ የሰጠው ነው። አባቴ ሱዳን ሲሄድ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለአጎቴ አደራ ሰጠው። ያኔ አጎቴ ሌላ ጠመንጃ ስላልነበረው በራሱ ስም አስመዝግቦ ጠበቀለት፤ አባቴ ሲመለስ ዘይት እንደተቀባ አስረከበው። «ወንድሜ እስክመለስ ያቆየልኝ ሁለት ነገር ነው፤ መሬቴና ምንሽሬ» ይል ነበር አባቴ። ስለዚህ ምንሽሩ ከአባቴ ይልቅ አጎቴ ዘንድ የኖረባቸው ዓመታት ይበልጣሉ። ይህን ያኔ በደንብ አላሰብኩትም።

የአጎቴ ቤት ከመርሳ ወደ ቆላው ቁልቁል አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዓርብ ዓርብ ከክፍል ስወጣ ከወልድያ ሚኒባስ ይዤ በሲሪንቃ በኩል መርሳ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በእግሬ። አጎቴ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሥራ ያዝዘኝ ነበር። «ና ይችን ገለባ አግባ።» «ማማው ላይ ውጣና ወፍ ጠብቅ፤ ማሽላውን ጨረሱት እኮ።» የበሬ ገመድ ባሰርኩ ቁጥር ፈቶ እንደገና ያስረዋል። «ካርቱም በሬ በምንድን ነው የምታስሩት? በሻሽ ነው?» ይለኛል። የአጎቴ ሚስት፣ «ተወው፤ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ» ስትለው፣ «ዶርም ውስጥ ሲሰበስብ ከረመ አይደል» ይላታል። እኔ ዶርም ውስጥ ሆኜ ሰኞና ማክሰኞ የሚናፍቀኝ ይህ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚያዝዘኝ ሰው እንዳለ ማወቅ።

የዚያን ዓርብ የመዝጋቢውን ቃል ስነግረው በሬዎቹን ውኃ ያጠጣ ነበር።

«ማነው የውጭ ሰው?» አለ።

«እኔ።»

«ማን አለህ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ ራሱ ሰው ነው?» ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወና፣ «ለእኔ ይዛወር እንዳልል በስሜ ክላሹ አለ። አንድ ሰው ሁለት አይፈቀድለትም» አለ። ክላሹን ጅዳ የሚሠራው አንድ ወንድ ልጁ ነው የገዛለት። እሱን መልሰህ ምንሽሩን ያዝ ልለው አፌን ከፈት አደረግሁ፤ ገብቶታል። «የልጄን ወይስ የወንድሜን ምረጥ ልትለኝ ነው? ተወው። መላ አለው።»

መላው ሦስት ሰው ነበር። ቀበሌ ሄደው ሦስት ሰዎች የአገር ልጅ ነው ብለው ይመሰክራሉ፤ የቀበሌ መታወቂያ ይወጣልኛል፤ መታወቂያውን ይዤ መርሳ እመለሳለሁ። «ከዚያ ያ መነጽራም ምን ይላል? ምንም አይልም። አብሽር» አለኝ። ለመዝጋቢው አስቀድሜ የመኖሪያ ፈቃዴን ማሳየቴን ስነግረው፣ «አንተ ደግሞ ሳትጠየቅ የምታሳየው ነገር መብዛቱ» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እሺ ማለት ነበር። ለአራት ቀናት እሺ እንዳልኩ ኖርኩ።

ቀበሌው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ረጅም ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሸሚዙ ይናገራል። ከምስክሮቹ አንዱ ራሱ አጎቴ ነው። ሁለተኛው የቅሬው ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ለቅሶ የሚያስተናግደው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ አባቴንም የቀበሩት እሳቸው ፊት ቀድመው ነው። ጢማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ከምርኩዛቸው ቁመታቸው ያጥራል። ሦስተኛው መርሳ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነበር፤ የአባቴ ወዳጅ፣ ክርስቲያን፤ ከሥራው ተጠርቶ ስለመጣ እጁ በዘይት እንደጠቆረ ነው።

«እኔ ለዚህ ልጅ አባት ምስክርነት ሦስት ሰው አያስፈልገኝም፤ ብቻዬን ሦስት እሆናለሁ» አለ መካኒኩ ገና ሳይቀመጥ።

«አንተ የሰው መኪና በታትነህ መግጠሙ ያቅትሃል፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ልትገጥም መጣህ?» አሉት የቅሬው ዳኛ።

«ያልጠገንኩት የእርስዎን በቅሎ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ጠግኛለሁ።»

«በቅሎዬ ጤነኛ ናት፤ አንተ ዘንድ አልመጣችማ።»

ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ሁሉም ነገር ቀላል ይመስል ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአጎቴ አጠገብ፣ ፋይሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ትልቁን መዝገብ ገልጦ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ቀኑን ጻፈ፤ ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው። አስታውሳለሁ፣ ፊደሉን ወደድኩለት። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንቱ፣ ልጁን ያውቁታል?»

«እንዴታ። አባቱን የቀበርኩት እኔ፣ አያቱን የቀበረው አባቴ።»

«የት ተወለደ?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«ከአባቱ ቤት ነዋ። የማን ቤት ሊወለድ ኖሯል?»

«መቼ?»

«ማሽላው ያማረበት ዘመን» አሉ፤ መካኒኩ በእጁ ጀርባ አፉን ሸፈነ።

ሥራ አስኪያጁ መጻፍ ጀመረ። የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል። «የትውልድ ቦታ» በሚለው ሥር የመጀመሪያውን ፊደል ሲያሳርፍ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ይቅርታ» አልኩ። «እኔ የተወለድኩት ካርቱም ነው።»

ብዕሩ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ መልካም ሰው ነበር፤ መውጫ በር ከፈተልኝ። «ምናልባት ያደግኩት እዚያ ነው ልትል ፈልገህ ነው?»

አጎቴ አላየኝም። ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው። አዎ ማለት ይበቃ ነበር። ቃሉ አንድ ነው፣ አጭር ነው።

«አይ፤ የተወለድኩት ነው» አልኩ። «የልደት ወረቀቴም አለ።» ፋይሌን ከፍቼ አወጣሁለት።

ወረቀቱ በዓረብኛ የተጻፈ ስለነበር ማንም አላነበበውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የቅሬው ዳኛ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ወደ እኔ ዞሩ። ያልተቆጡ መሆናቸው ነው የከበደኝ። ግራ ገብቷቸው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የዋሸሁ መሰለህ?»

«አይደለም አባባ…»

«ሴት መንገድ ላይም ትወልዳለች፣ ሰው አገርም ትወልዳለች። ልጅ ግን የሚወለደው ከአባቱ ቤት ነው። በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ልመሰክር ነው የመጣሁት? ያየሁትን ነው የምናገረው። አባትህን አየሁ፣ አንተን አየሁ።»

«ገባኝ አባባ» አላቸው ሥራ አስኪያጁ በእኔ ፈንታ። «ቅጹ የሚጠይቀው ግን የተወለደበትን ቦታ ነው። እኔ ደግሞ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም።» የጀመረውን ፊደል በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘው፤ መዝገቡንም ዘጋ።

ውጪ የቅሬው ዳኛ ሰላም ብለው በምርኩዛቸው መንገዳቸውን ያዙ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አብሮኝ ቆመ። «ፍሬን መያዝ ጥሩ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ቁልቁለት ላይ ነው። አንተ ዳገቱን ገና ልንጨርስ ስንል ያዝክብን።» ትከሻዬን ሊመታኝ አሰበና የእጁን ዘይት አይቶ ተወው። አጎቴ ቀድሞ እየሄደ ነበር፤ እንድከተለው አልጠራኝም፤ እንዳልከተለውም አላለኝም።

ወልድያ ተመለስኩ። በነጋታው እናቴ ከካይሮ ደወለች፤ በዓረብኛ፣ «የአባትህ ሰዎች እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። «ይወዱሃል?» አለችኝ። ይወዱኛል አልኳት። የዶርም ጓደኞቼ ምሳ ሄደው ክፍሉ ባዶ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ያደረግኩት ትክክል መሆኑን ለራሴ በዝርዝር አስረዳሁ፤ በሐሰት መታወቂያ ቢወጣልኝ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ጋር ይጋጫል፤ ምስክሮቹ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ መዝጋቢውም አስቀድሞ አውቋል። ሁሉም እውነት ነበር። ግን ይህን ሁሉ ከማሰቤ በፊት አራት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ነበር። እሺ ያልኩት አጎቴን ደስ ለማሰኘት ነው። አይ ያልኩት ደግሞ፣ አሁን እንደማስበው፣ ያ ቀጥ ያለ ፊደል የሚጽፍ ወጣት እንደኔ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው እንዲለኝ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ማስደሰት አልተቻለም። ብዕር የያዘውን መረጥኩ።

የወሩ መጨረሻ ሳምንት አጎቴ ደወለልኝ። ድምፁ ደግ ነበር። «እንደምን ነህ? ትምህርት እንዴት ነው? ነገ ቢመችህ ምንሽሩን እናደርሳለን፤ ካልተመቸህ ባንተ ቀን ይሁን» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ና ነበር የሚለኝ።

ቤቱ ስደርስ ምንሽሩን በነጠላ ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ልቀበለው እጄን አልዘረጋሁም፤ እሱም አላቀበለኝም። በትከሻው ተሸክሞ ፊት ሄደ፤ እኔ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ። ከእሱ ጎን ብሄድ ማንም የሚከለክለኝ አልነበረም፤ የመዝጋቢው ቃል ነው እግሬን የያዘኝ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው በዝቷል። ከሐራ በኩል ግመል እየነዱ የሚመጡ ነጋዴዎች አጎቴን ያውቁታል።

«ወዴት ነው በምንሽር? ሠርግ አለ?»

«የወንድሜን ዕቃ ላደርስ ነው።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት።»

«ልጅ የለውም እንዴ?»

አጎቴ ወደ ኋላ አልዞረም። «አለው። እሩቅ አገር ነው ያለው» አላቸው። ሰዎቹ አላህ ያግባው ብለው አለፉ፤ በአጠገቤም ሲያልፉ ሰላምታ ሰጡኝ። እኔም መለስኩ።

መዝጋቢው ጠመንጃውን ከነጠላው ፈትቶ ቁጥሩን በመነጽሩ እያነበበ ጻፈ። ቅጹ ላይ አስረካቢ የሚል መስመር አለ። ብዕሩን ለእኔ ሊሰጠኝ ዘረጋና መለሰው። ወራሹ እኔ ነኝ፤ ግን ልይዘው ያልተፈቀደልኝን ዕቃ እንዴት አስረክባለሁ? ለአጎቴ ሊሰጠው ዘረጋ፤ እንደገና መለሰው። አጎቴ በእጁ ይዞታል፤ ግን የእሱ አይደለም። ስልክ ደወለ፤ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። በመጨረሻ አጎቴ «አስረካቢ» በሚለው ላይ ጣቱን አተመ፤ እኔ ከታች፣ ወራሽ ስሆን ተቃውሞ የለኝም ብዬ እንድጽፍና እንድፈርም ተነገረኝ። ጻፍኩ። አንድ ሰው ከውስጥ መጥቶ በአፈሙዙ ላይ ቁጥር ያለበት ካርቶን በሲባጎ አሰረና ይዞት ገባ። በሩ ሳይዘጋ አጎቴ ጠየቀ።

«ዘይት ትቀቡታላችሁ?»

«እንደሌላው ይቀመጣል» አለ መዝጋቢው።

«ካልተቀባ ይዝጋል።»

መዝጋቢው መነጽሩን አውልቆ አየው። «እነግራቸዋለሁ» አለ።

አጎቴ ነጠላውን አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ። ደጅ ስንወጣ ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው ይጠራ ነበር፤ ልሰናበተው ስል፣ «አይሆንም፤ ቤት ደርሰህ፣ አርፈህ ነው የምትሄደው» አለኝ። ከመንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን መርጦ ገዛ፤ ፌስታሉን ልያዝለት ብል፣ «ኧረ፣ አንተ ለምን ትደክማለህ» ብሎ በሌላኛው እጁ አዞረው። መንገዱን ሁሉ አሁን ጎን ለጎን ሄድን። ስለ ወልድያ አየር ጠየቀኝ፣ ስለ ምግቡ ጠየቀኝ፣ እናቴን ጠየቀኝ። አንድም ቀን እንደዚያ በትሕትና አነጋግሮኝ አያውቅም።

እሱ የሚተኛበትን መደብ አነጠፉልኝ። ማለዳ ስነሣ ማሽላው መታጨድ ጀምሮ ነበር፤ ከእርሻው ጫፍ ድምፃቸው ይሰማኛል። ማጭድ ፈልጌ ወረድኩ። አጎቴ ሲያየኝ ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ።

«ደህና አደርክ? ምነው ወረድክ? እዚህ አቧራ ነው።»

«ልጨድ ብዬ ነው።»

«አይ አይ፤ አንተ ምን ቸገረህ። ጥላው ሥር አረፍ በል።» ማጭዱን ከእጄ ወሰደው፤ በቀስታ፣ ሕፃን ከያዘው ስለት እንደሚወሰድ። ካልተቀመጥኩ ሥራው እንደሚቆም ስላየሁ ተቀመጥኩ። በሬው ገመዱን ፈትቶ ወደ ነዶው ሲሄድ አየሁ፤ ተነሥቼ ይዤ አሰርኩት። አጎቴ ከሩቅ አየ። ቋጠሮዬ እንደ ወትሮው ልል ነበር፤ በሬው አንድ ጊዜ ቢስበው ይፈታል። መጥቶ ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩ። «አላህ ይስጥልን» ብሎኝ ወደ ማጭዱ ጎንበስ አለ።

ምሳ ሲደርስ ሁላችንም ጥላው ሥር ተሰበሰብን። አጎቴ በዕድሜ ትልቁ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ሲያጭድ የዋለውም እሱ ነው። የአጎቴ ሚስት ማስታጠቢያውን ይዛ ቀረበች፤ በእሱ ፊት አልፋ እኔ ፊት ቆመች። ወደ አጎቴ አየሁ። በአገጩ ወደ ውኃው አመለከተኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም ቅያሜ አልነበረም። መጀመሪያ እሱ ይታጠብ ብዬ ልናገር ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ ትክክሉም እሱ ነው። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። እንደ ቀበሌው ቀን ሌላ ማረም እንዳይሆን ፈራሁ።

እጄን ዘረጋሁ፤ እሷም አፈሰሰችልኝ።